የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የባህር ጠረፍ ገደል ብሎን ሲዝግ ገንዘቡ ከየት ይምጣ፣ ምን ላይስ ይዋል?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። በባህር ጠረፍ ባሉ ገደሎች ላይ፣ ገደል የሚወጡ ስፖርተኞች ገመዳቸውን የሚያሳልፉባቸው ብሎኖች ዝገዋል። የሚቀይር ሰው አለ፣ ገንዘብ ግን የለም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ የክለባችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ከባህር በላይ 24 የመውጫ መስመሮች አሉን። አባላት «ስንት ነው የምንሰበስበው?» እያሉ ያፋጥጡኛል። የአንዱን ብሎን ዋጋ በብሎኖቹ ብዛት ባባዛው አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የብሎንን ዋጋ ትተው የቀዳዳን ዋጋ ያውጡ። አንድ ቀዳዳ ማለት አሮጌውን ብሎን መንቀል፣ የድሮውን ቀዳዳ መድፈን፣ አዲስ መብሳት፣ ማጽዳት፣ ማጣበቂያ መሙላት፣ አዲሱን ብሎን መትከልና መመዝገብ ነው። ብሎኑ ከዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው። የብሎን ዋጋ ብቻ ይዘው ልመና የወጡ ክለቦች ዘመቻው ከተዘጋ በኋላ የመብሻ ባትሪና ማጣበቂያ ፍለጋ ለሁለተኛ ጊዜ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ሁለተኛው ልመና ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይቀናም።

ከሁሉ በፊት ቆጠራ ያድርጉ። ከመጽሐፍ ወይም ከሰው ትዝታ አይቁጠሩ፤ ሰው ከላይ በገመድ ወርዶ ይቁጠር። ለእያንዳንዱ መስመር የብሎኖቹን ብዛት፣ ዓይነታቸውን (በዳዶ የሚጠብቅ ነው ወይስ የተጣበቀ)፣ በራሳቸው ላይ የተመታውን ምልክት፣ ቦታውን ዝናብ የሚያጥበው መሆን አለመሆኑን፣ ከድንጋዩ ውስጥ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነም ይህንኑ ይጻፍ። የድንጋዩን ጥንካሬም በመዶሻ መትቶ ይመዝግብ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። እንደ ባዶ በርሜል ከጮኸ ቀዳዳው ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት፣ ወይም ረዘም ያለ ብሎን መታሰብ አለበት።

አሁን ሒሳቡን በእርስዎ ቁጥር እንሥራ። እያንዳንዱ መስመር በአማካይ 9 ብሎንና ጫፉ ላይ 2 የመውረጃ ብሎን አለው እንበል። 24 በ11 ሲባዛ 264 ቀዳዳ ይሆናል። ለሚበላሽ፣ ለሚጠፋና በቆጠራ ለተዘለለ አንድ አሥረኛ ይጨምሩና 290 ብለው ይያዙ።

ማጣበቂያውን እንዲህ ያሰሉት። 16 ሚሊሜትር ስፋትና 100 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። እያንዳንዱ እግሩ 8 ሚሊሜትር የሆነ ባለ ሁለት እግር ብሎን የዚህን ግማሽ ይሞላዋል፣ የቀረው 10 ሚሊ ሊትር የማጣበቂያ ነው። ከአፉ ለሚተርፈውና ለብሎኑ ዓይን (ከድንጋዩ ውጭ ለሚቀረው ቀለበት) መቀመጫ ለሚፈለፈለው ጎድጓዳ 3 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። በዚህ ስሌት 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ካርትሪጅ (የማጣበቂያ ቱቦ) 25 ቀዳዳ መሙላት ይችላል። ይህ ግን የወረቀት ቁጥር ነው። ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው በየመሐሉ ያርፋል፣ ቦታ ይቀይራል። በዚህ መሐል መቀላቀያ አፍንጫው ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ይጠነክርና ከነአፍንጫው ይጣላል። አዲስ አፍንጫ ሲገጠም ደግሞ የመጀመሪያው ግፊት በደንብ ስላልተቀላቀለ እሱም ይጣላል። ስለዚህ በካርትሪጅ 15 ቀዳዳ ብለው ያስሉ፤ ለ290 ቀዳዳ 20 ካርትሪጅ ማለት ነው። አፍንጫ በካርትሪጅ ሦስት ይያዙ፣ 60 ይሆናል። ርካሽ ነገር ነው፤ ገደል ላይ ሲያልቅ ግን የቀኑ ሥራ በዚያው ያበቃል።

የፑንታ፣ ማለትም የመብሻው ጫፍ፣ እና የባትሪ ብዛት እንደ ድንጋዩ ይለያያል። ግምት ከመውሰድ መሬት ላይ በወደቀ ተመሳሳይ ድንጋይ ላይ አንድ ሙሉ ባትሪ እስኪያልቅ ብሱና ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። አንድ ፑንታ ስንት ቀዳዳ ላይ ስፋቱን እንደሚያጣም በዚያው ታዩታላችሁ። በእነዚህ ላይ የዓይን መከላከያ፣ የድንጋይ ብናኝ የሚያግድ ጭንብል፣ የእጅ ጓንት፣ በሥራ ተፍቆ የሚያልቅ ገመድ፣ መጓጓዣና ቀረጥ ይደመሩ። ሁሉንም ደምረው ለ264 ያካፍሉት። ለለጋሽ የሚነግሩት የአንድ ቀዳዳ ዋጋ ይህ ነው።

አንድ የማባዛት ስህተት በተደጋጋሚ ያጋጥመናል። ገንዘቡ የሚሰበሰብበት የኢንተርኔት አገልግሎትና ባንኩ አንድ ላይ ከመቶ 8 የሚወስዱ ከሆነ፣ የሚፈልጉትን ገንዘብ በ1.08 አያባዙ፣ ለ0.92 ያካፍሉ። 100 እጅ እንዲገባልዎ 108 ሳይሆን 108.7 መሰብሰብ አለበት። በትንሽ ገንዘብ ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ በ290 ቀዳዳ ላይ ግን የሁለት ቀዳዳ ያህል ይጎድላል።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ 300 አይዝጌ ብረት ብሎኖች ከነማንጠልጠያቸው (ብሎኑ ላይ ከሚታሰረው የገመድ ማያያዣ ብረት ጋር) በነፃ ሊሰጠን ቃል ገብቷል። ዓይነቱ 316 ነው፣ «የባህር አይዝጌ» የሚባለው። እምቢ ማለት ግፍ አይሆንም?

መልስ፦ ለባህር ጠረፍ ገደል ከሆነ እምቢ በሉ። ግፍ የሚሆነው መቀበሉ ነው።

316 ከተለመደው አይዝጌ ብረት ከ304 የተሻለ ነው፤ ቶሎ አይዝግም፣ በጀልባና በወደብ ሥራም ይታመናል። እዚህ የምንፈራው ግን ገጽ ላይ የሚታየውን ዝገት አይደለም። ሦስት ነገሮች ሲገናኙ አይዝጌ ብረት ከውስጥ ይሰነጠቃል። እነሱም ለዚህ ተጋላጭ የሆነ ብረት፣ በብረቱ ውስጥ የታመቀ ውጥረትና ክሎራይድ (በጨው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) ናቸው። 304ም 316ም ተጋላጭ ናቸው። ውጥረቱ የስፖርተኛ ክብደት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ማንጠልጠያው ሲታጠፍ፣ ቀለበቱ ሲበየድ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ክሎራይዱን ባህሩ በነፋስ ያመጣዋል። ዝናብ የማያጥበው ያዘመመ ገደልና የዋሻ ጣሪያ ላይ ጨው ዓመት ከዓመት ይጠራቀማል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል። በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚንጠባጠብ ውሃ የሚያመጣቸው የማግኒዚየምና የካልሲየም ጨዎች ከገበታ ጨው የባሱ ናቸው፣ ምክንያቱም አየሩ ደረቅ ሲሆንም እርጥበት ይዘው ይቆያሉ።

ውጤቱ ምን እንደሆነ ከገደል ውጭም ታይቷል። በ1985 በስዊዘርላንድ፣ ኡስተር በምትባል ከተማ፣ የአንድ መዋኛ አዳራሽ የኮንክሪት ጣሪያ ወድቆ 12 ሰዎች ሞተዋል። ጣሪያውን የተሸከሙት የአይዝጌ ብረት ዘንጎች በክሎራይድ ምክንያት ተሰንጥቀው ነበር፤ አዳራሹ ከተሠራ 13 ዓመቱ ነበር። በገደሎች ላይ ደግሞ በታይላንድ ራይሌይና ቶንሳይ፣ እንዲሁም በኬይማን ብራክ ደሴት የአይዝጌ ብረት ብሎኖች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሰብረዋል። አንዳንዶቹ የተሰበሩት በሰው ክብደት ብቻ ነው። አዲስ ሲሆን ከ20 ኪሎኒውተን (ሁለት ሺህ ኪሎ ያህል ክብደት) በላይ የሚሸከም ብሎን ማለት ነው፣ ሁለት ትንንሽ መኪና የሚያንጠለጥል።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚሆኑት በማጣበቂያ የሚተከሉ የቲታኒየም ብሎኖች ናቸው፤ ወይም ቁጥሩ 1.4529 የሆነ ከፍተኛ ቅይጥ ያለው አይዝጌ ብረት። ዓለም አቀፉ የተራራ ስፖርት ፌዴሬሽን ዩአይኤኤ 123 በተባለው ደረጃው ብሎኖችን በዝገት መቋቋም ይመድባቸዋል፤ እናንተ የምትፈልጉት እንዲህ ያለውን መሰነጣጠቅ የሚቋቋመውን ምድብ ነው። ከተለመደው ብሎን በብዙ ይወደዳሉ። ቢሆንም ወደ ቀዳዳ ዋጋ ይመለሱ። ጉልበቱ፣ ማጣበቂያው፣ ባትሪውና መጓጓዣው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው። በነፃ የመጣው 316 ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህን ሁሉ እንደገና ያስወጣችኋል፣ ድንጋዩ ላይም ተጨማሪ ቀዳዳ ይተዋል።

ነጋዴውን አታስቀይሙት። ዋጋውን በገንዘብ እንዲሰጥ ጠይቁት። ያ ካልሆነ ትራፓኖ፣ ባትሪ፣ ገመድ ወይም የብናኝ ጭንብል ይስጥ። ከባህር የራቀና ዝናብ የሚያጥበው ገደል ያለው ሌላ ክለብ ካለም ብሎኖቹ እዚያ ይጠቅማሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንከለክላለን፤ የአንዱን ዓይነት ብረት ብሎን ከሌላ ዓይነት ማንጠልጠያ ጋር አታጋጥሙ። ዚንክ የተቀባ ብሎንና አይዝጌ ማንጠልጠያ ሲገናኙ፣ በተለይ ጨዋማ እርጥበት ባለበት፣ ብሎኑ በፍጥነት ይበላል። ማንጠልጠያው እያብረቀረቀ ከኋላ ያለው ብሎን እርሳስ አክሎ የሚገኘው ከዚህ የተነሳ ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌዎቹን በመሣሪያ ስበን ፈትሸን፣ የወደቁትን ብቻ ብንቀይር ገንዘብ አንቆጥብም?

መልስ፦ ተራ ዝገት ቢሆን ሐሳቡ ያስኬድ ነበር። የተሰነጠቀ አይዝጌ ብረት ግን ዛሬ በ8 ኪሎኒውተን ተስቦ ይይዝና በሚቀጥለው ወቅት በአንድ ሰው ክብደት ይሰበራል። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከማንጠልጠያው ጀርባ ወይም ቀዳዳው ውስጥ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ገጹ ላይ ቡናማ እድፍ መኖሩም አለመኖሩም ማረጋገጫ አይሆንም። የፍተሻው ገንዘብ ለመቀየሪያው ይዋል። በአንድ መስመር ላይ አንድ ብሎን ተሰብሮ ከተገኘ፣ በዚያው ጊዜ የተተከሉትን የዚያ መስመር ብሎኖች በሙሉ እንደተሰበሩ ቁጠሯቸው።

ጥያቄ፦ ከማን እንለምን? አባሎቻችን ተማሪዎች ናቸው፤ ኪሳቸው ባዶ ነው።

መልስ፦ ገደሉ እንጀራቸው ከሆነ ሰዎች ጀምሩ። አስጎብኚዎች፣ አሠልጣኞች፣ የቤት ውስጥ መውጫ ግድግዳ ያላቸው ስፖርት ቤቶች፣ ማደሪያ ቤቶች፣ ስፖርተኞችን የሚያመላልሱ ጀልባዎች ሁሉ ብሎኖቹ ሲዝጉ ገቢያቸው ይዘጋል። ለእነዚህ የአንድ ጊዜ ልገሳ አትጠይቁ፤ ትንሽ ነገር ግን በየወሩ የማይቋረጥ መዋጮ ጠይቁ። የመስመር መጽሐፍ የሚያሳትም ካለ ከእያንዳንዱ ቅጂ ለብሎን የሚሆን ድርሻ እንዲመድብ አነጋግሩት፤ መጽሐፉ የሚሸጠው ብሎኖቹ ስላሉ ነው። የአገራችሁ የተራራ ስፖርት ማኅበር የብሎን ፈንድ እንዳለውም ጠይቁ። በአሜሪካ ለምሳሌ አሜሪካን ሴፍ ክላይሚንግ አሶሲዬሽን የተባለው ድርጅት ብሎን ለሚቀይሩ በጎ ፈቃደኞች ዕቃውን ያቀርባል። እንዲህ ዓይነት ፈንድ ሲኖር የምትጽፉት ማመልከቻ ከቆጠራው ሠንጠረዥ የተሻለ ማስረጃ የለውም።

በኢንተርኔት ስትሰበስቡ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዱ ግቡ ካልሞላ ለሁሉም ይመልሳል፤ ሌላው የተገኘውን ያህል ይሰጣችኋል። የብሎን ሥራ በመስመር በመስመር ሊከፋፈል ስለሚችል ሁለተኛው ይሻላችኋል። 264 ቀዳዳ ባይሞላ 110 ቀዳዳ አሥር መስመር ነው። ገና ስትጀምሩ ግን ጉድለት ወይም ትርፍ ቢኖር ምን እንደምታደርጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ኋላ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ግማሹን ይቀንሰዋል።

ለለጋሽ የምታሳዩት ነገር ቀላል ይሁን። ተሰብሮ የወጣ ብሎን በመዳፉ አስይዙት። የተሰበረውን ገጽ ይይ፤ ብረቱ ሲሳብ እንደሚሆነው ቀጥኖና ተመዝዞ አልተበጠሰም፣ እንደ ሸክላ ድንገት ተሰብሯል፣ ዳሩም ጠቁሯል። ይህን ያየ ሰው ስለ ክሎራይድ ትምህርት አያስፈልገውም። በአንጻሩ ቀይ ዝገት ያለበትን ብሎን ፎቶ ማስፈራሪያ አድርጋችሁ አትለጥፉ፤ የሚያብረቀርቀው ደህና ነው የሚል የተሳሳተ ትምህርት ይሰጣል።

ቲሸርት እንስጥ የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ የማሳተሚያውንና የመላኪያውን ወጪ ደምሩት። ብዙ ጊዜ ከልገሳው ግማሽ ጨርቅ ላይ ይቀራል። ዕጣ ለማውጣት ካሰባችሁ በብዙ አገር ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን አትዘንጉ። «አንድ መስመር ስፖንሰር ያድርጉ» የሚለው ዘዴም ይሠራል፣ ነገር ግን ሁሉም ሰው ዝነኛውን መስመር ይመርጥና ጥጉ ላይ ያለው እጅግ አደገኛ መስመር ጠያቂ ያጣል። ስለዚህ ስፖንሰር የሚደረገው ቀዳዳ ይሁን፣ ገንዘቡም በአንድ ቋት ይግባ። የትኛው መስመር እንደሚቀድም የሚወስነው የቴክኒክ ቡድኑ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ኩባንያ ሙሉ ወጪውን እችላለሁ፣ ግን ስሜን ገደሉ ላይ በሰሌዳ ለጥፉልኝ ይላል።

መልስ፦ ገደሉ የእናንተ አይደለም፤ ሰሌዳ ለመለጠፍ የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አብዛኛውን ጊዜም አይገኝም። ስሙ በመስመር መግለጫው፣ በዓመታዊ ሪፖርቱና መኪና ማቆሚያው ጋ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይውጣ። የብሎኑን ዓይነት ወይም የሚሠራበትን ቀን ኩባንያው እንዲወስን ግን አትፍቀዱ። ለምርቃት ተብሎ ማጣበቂያው ሳይደርቅ ሰው ይሰቀላል።

ፈቃድን ካነሳን፣ ብሎን ለመቀየርም ከባለመሬቱ ወይም ቦታውን ከሚያስተዳድረው አካል በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ፤ የባህር ወፎች የሚፈለፈሉበትን ወቅትም ጠይቁ። ገንዘብ ከሰበሰባችሁ በኋላ ገደሉ ለግማሽ ዓመት ዝግ መሆኑን መስማት ያሳፍራል።

ጥያቄ፦ ሰዎች ገንዘባቸው የት እንደገባ ይጠይቃሉ። ምን ዓይነት ሒሳብ ብንይዝ ይታመናል?

መልስ፦ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ ገንዘቡን የሚይዝ፣ ዕቃውን የሚገዛ፣ መጋዘኑን የሚጠብቅ። ከባንክ በሁለት ፊርማ ይውጣ። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ሒሳብ ይበቃል፤ የተገዛ ብሎን ብዛት፣ ከተተከለ፣ ከተበላሸና መጋዘን ካለ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። በየሦስት ወሩ ቆጥራችሁ አውጡት። ካልገጠመም እንዳልገጠመ አውጡት። ሦስት ብሎን ባህር ውስጥ ወደቀ ብሎ የሚጽፍ ክለብ፣ ሁሌም ሒሳቡ የሚዘጋለት ክለብ ከሚታመነው በላይ ይታመናል።

ከገንዘቡ ጎን ለጎን የሥራ መዝገብ ይኑር። የመስመሩ ስም፣ ቀኑ፣ የብሎኖቹ ብዛትና የምርት ቁጥር፣ የማጣበቂያው የምርት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን፣ የሠሩት ሰዎች ይጻፉበት። አንድ የምርት ዙር ጉድለት አለበት ተብሎ አምራቹ ቢያስታውቅ የት የት እንደተተከለ በአንድ ቀን ታውቃላችሁ። ይህ መዝገብ ከሌለ ግን ሁሉንም ትጠራጠራላችሁ።

ስለ ግዢ አንድ ምክር እንጨምር። ብሎኑን በጅምላ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቲታኒየምም መጋዘን ውስጥ አይበላሽም። ማጣበቂያውን ግን ለአንድ የሥራ ወቅት ከሚበቃው በላይ አትግዙ። የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ሙቀት ላይ ከተቀመጠ ከዚያም በፊት ይበላሻል፣ በአውሮፕላን ለመላክም ገደብ ስላለበት ለትዕዛዙ ጊዜ ስጡት።

ጥያቄ፦ በጎ ፈቃደኞቻችን ትራፓኖ መያዝ ያውቃሉ፣ በማጣበቂያ ግን ሠርተው አያውቁም። የት ላይ ነው የሚሳሳቱት?

መልስ፦ ብናኝ ላይ። ማጣበቂያው የሚይዘው ድንጋዩን መሆን ሲገባው ብናኙን ከያዘ፣ ብሎኑ ከነሙሉ ማጣበቂያው እንደ ቡሽ ተመዝዞ ይወጣል። ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ከታችኛው ጫፍ ጀምሮ አራት ጊዜ በፓምፕ ይነፋ፣ በቀዳዳው ልክ በሆነ የብረት ቡሩሽ አራት ጊዜ እየተሽከረከረ ይፋቅ፣ እንደገና አራት ጊዜ ይነፋ። በመጨረሻው ንፊት ብናኝ ከወጣ ይደገም። በአፍ መንፋት ለዓይን አደጋ ነው፣ እርጥበትም ያስገባል። ውሃ የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ላይ አትሥሩ፤ ቦታ ቀይሩ ወይም ደረቅ ወቅት ጠብቁ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሠራተኛው የሚንጠለጠልበት ገመድ ከአሮጌዎቹ ብሎኖች ውጭ በሆነ ነገር ላይ ይታሰር። ያረጀውን ለመቀየር ባረጀው ላይ መንጠልጠል ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ከዚያ የጫፉ ብሎኖች ቀድመው ይተከሉና ይድረቁ። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው፣ ከስንጥቅና ከድንጋይ ዳር ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ ጥልቀቱም ከ70 ሚሊሜትር በታች እንዳይሆን፤ ለስላሳ ድንጋይ ላይ 100ም አይበዛም። የብሎኑ ዓይን የታችኛው ጠርዝ ድንጋዩ ውስጥ ትንሽ እንዲገባ መቀመጫው ይፈልፈል። ማጣበቂያው ከቀዳዳው ሥር ጀምሮ አፍንጫውን ወደ ውጭ እየሳቡ ይሞላ፤ ከአፉ ከተጀመረ ውስጡ አየር ይታፈናል። ብሎኑ በዝግታ እየተሽከረከረ ይግባ፣ ዙሪያውን ማጣበቂያ ካልተረፈ ቀዳዳው አልሞላም ማለት ነው፤ ወጥቶ ይጨመርበት። ጣሪያ ላይ ከሆነ እስኪጠነክር በፕላስተር ይደገፍ። ቀጥ አልቆመም ብሎ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማስተካከል ከመጥፎ ሥራ ሁሉ የከፋ ነው፤ መጠንከር የጀመረ ማጣበቂያ ከተነቀነቀ ተመልሶ አይያያዝም።

የሚመረጠው ንጹህ ኢፖክሲ (ሁለት ክፍሎቹ ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ነው። ፖሊስተር የሆኑትን ርካሾች ተዉአቸው። ኢፖክሲ በቀዝቃዛ ቀን ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ሰዓቱን ካርትሪጁ ላይ ካለው የሙቀት ሠንጠረዥ አንብቡ፣ ያም ሆኖ ከ24 ሰዓት በፊት ማንም አይንጠልጠልበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው። የመጀመሪያው ብሎን ላይ ቀይ ፕላስተር ይታሰር፣ መስመሩ ሥርም ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ይቀመጥ።

ከእያንዳንዱ ካርትሪጅ ጥቂት ማጣበቂያ ካርቶን ላይ ጨምቃችሁ ቁጥሩን ጻፉበት። በማግሥቱ በምስማር ጫሩት። ምስማሩ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከጎደጎደ ወይም ከተጣበቀ ሁለቱ ክፍሎች በትክክል አልተቀላቀሉም፤ ከዚያ ካርትሪጅ የተተከሉት በሙሉ ይነቀላሉ። ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ ደግሞ በብሎኑ ዓይን መፍቻ አስገብታችሁ በእጅ ለማዞር ሞክሩ። ጥቂት እንኳ ከዞረ ያው መነቀል ነው።

የቀድሞዎቹ ዳዶ ያላቸው ከሆኑ ዳዶው ተፈትቶ ማንጠልጠያው ይወልቅና ዘንጉ ይነቀላል። ካልተነቀለ ከድንጋዩ እኩል ይቆረጥና በኢፖክሲ ላይ የድንጋይ ዱቄት ተነስንሶ ይደፈናል። የተሰነጠቀ ብሎን መፍቻ ሲነካው ተሰብሮ ሊፈናጠር ስለሚችል የዓይን መከላከያ አይውለቅ። ፍርስራሹን የሚቀበል ከረጢትም ከሥር ይንጠልጠል።

ጥያቄ፦ ከጠበቅነው ግማሹ ብቻ ቢሰበሰብ ከየትኞቹ መስመሮች እንጀምር?

መልስ፦ ከመውረጃ ብሎኖች ጀምሩ። መሐል ያለ አንድ ብሎን ቢሰበር ከሥሩ ያለው ምናልባት ይይዝ ይሆናል፤ ጫፍ ላይ ያሉት ግን ሰው ሙሉ በሙሉ የተማመነባቸው ናቸው። በ24 መስመር 48 ቀዳዳ ነው። ቀጥሎ ዝናብ የማያጥባቸውና ብዙ ሰው የሚወጣባቸው መስመሮች ይምጡ፤ በእነሱም ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ብሎኖች ይቅደሙ፣ ምክንያቱም እዚያ ከወደቁ መሬት ይደርሳሉ። ብሎኑ በከፊል የተቀየረ መስመር ግን ምሉዕ መስሎ ሰውን ያታልላል። ስለዚህ ያልተቀየሩትን ማንጠልጠያዎች አውልቁ፣ ወይም መስመሩ ሥር ዝግ ነው ብላችሁ ጻፉ። ቆሞ የሚጠብቅ ዝግ መስመር ለቀጣዩ መዋጮም ጥሩ ቀስቃሽ ነው፤ የሚወደውን መስመር ያጣ ሰው ኪሱን ለመፍታት ብዙ ጉትጎታ አይፈልግም።

ከተሰበሰበው ላይም ለጫፍ ቀለበቶች በየዓመቱ የሚሆን ትንሽ አስቀምጡ። አሸዋ የነካው ገመድ ቀለበትን እንደ ሞረድ ይበላል፣ ቲታኒየም ቢሆንም። ሰው ሲለማመድ በራሱ ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) ላይ ይውረድ፤ በቀለበቱ የሚወርደው የመጨረሻው ሰው ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ በጣም ርካሽ ቲታኒየም ብሎን አግኝተናል። እውነተኛ መሆኑን በማግኔት ማረጋገጥ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ አይዝጌ ብረትም ቢሆን ማግኔት እምብዛም አይስበውም። ክብደቱን ለኩ። አንዱን ብሎን በግራም መዝኑት፣ ከዚያ መስፈሪያ ባለው ጠባብ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ክተቱትና ውሃው በስንት ሚሊ ሊትር ከፍ እንዳለ አንብቡ። ግራሙን ለሚሊ ሊትሩ አካፍሉ። ቲታኒየም 4.5 አካባቢ ይሰጣችኋል፣ አይዝጌ ብረት ወደ 8 ይጠጋል። ይህ ግን ብረቱን እንጂ ብየዳውን አይፈትሽም። ቲታኒየም አየር እየነካው ከተበየደ ይሰባበራል፤ ብየዳው ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከሆነ ተጠራጠሩ፣ ነጭ ዱቄት ካለበት ጭራሽ አትንኩት። ከሻጩ የብረቱን የምርት ምስክር ወረቀት፣ የምርት ቁጥሩንና በኢኤን 959 (የአውሮፓ የብሎን ደረጃ) ወይም በዩአይኤኤ 123 የተፈተነበትን ወረቀት ጠይቁ። ኢኤን 959 ወደ ታች ሲሳብ 25፣ ወደ ውጭ ሲሳብ 15 ኪሎኒውተን እንዲችል ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብሎኑ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ክፍያውን አትልቀቁ።